ምርቃትና መያዣ

ከቦሌ እስከ ገርጂና ሰሚት በተዘረጋው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሽምግልና ወግ ዛሬም አልቀረም። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ይጠይቃሉ። አባትም ዘመድ ላማክር ብሎ ሁለተኛ ቀጠሮ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶቹ አስቀድመው ስለሚስማሙ ነገሩ ሁሉ የወግ ማሟያ ይመስላል። ወጉ እውነተኛ ፊቱን የሚያሳየው ቤተሰቡ የወጣቱን ዘር፣ ሃይማኖት ወይም የአባቱን ሙያ ሰምቶ እምቢ ያለ ዕለት ነው።

የሸማኔ ልጅ የወደደች አንዲት የቦሌ ወጣት ለምሳሌ ትወሰድ። አባቷ በበዓል የሚደርበው ኩታ፣ እናቷ የምትለብሰው ጥበብ፣ እሷም በመልስ ቀን የምትለብሰው ቀሚስ ምናልባት ሽሮ ሜዳ ካለ የሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ነው። ልብሱ ለገላ ይበቃል፤ የሠሪው ልጅ ግን ለቤት አይበቃም ይባላል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ከአደባባይ ወደ ሳሎን ገባ እንጂ አልጠፋም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ይተረጉም፣ የሴቷንም የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ዓመት ያስጀምር ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ መሠረተ፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገ። ይህ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የክብር መዝገብ ሹም የሚሰማው ቃል አስቀድሞ የተወሰነው በቤት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ እናት በጓዳ እያለቀሰች የተሰጠ ፈቃድ፣ ወይም የተነፈገ ፈቃድ፣ ሙሉ ነውን?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ የሚመጥናቸውን አጥንት ሲመርጡ ሰብለ ወንጌል ሳታገባ ትቆያለች፤ መምህሯን በዛብህንም ትወዳለች። በፊታውራሪው ላይ ለመፍረድ አንባቢ አይቸገርም፤ ትዕቢታቸው ገሃድ ነው። የቦሌዋ ወጣት ችግር የሚከብደው ወላጆቿ ክፉዎች ባለመሆናቸው ነው። አይገርፏትም፤ በር አይቆልፉባትም። ራሳቸው ሳይለብሱ ያስተማሯት እነሱ ናቸው። እናቷ «እኔ ስሞት የፈለግሽውን ታደርጊያለሽ» ትላታለች፤ ይህም ከቁልፍ ይበልጣል።

በተራማጅነት ስም «ያለፈው ሥርዓት ቅሪት ነው፤ ጥላ ትሂድ» ማለት ቀላል ነው። (ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።) ስትወልድ ገንፎ አገንፍታ፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስከ ክርስትናው ድረስ ከአራስ ቤት የማትለየው እናቷ ናት። ሐዘን ሲደርስባት ቀድመው የሚደርሱት እነዚያው ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ለቤተሰቧ የተሸነፈችውን ወጣት ፈሪ ብሎ መኮነን ኑሮዋን አለማወቅ ይሆናል።

ወላጅ የመምከር፣ ስለ ወጣቱ ጠባይ የመጠየቅ፣ የመሥጋትም መብት አለው። ምርቃቱን መያዣ አድርጎ ልጁን ማስጨነቅ ግን ከዚህ መብት ውጭ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው መልስ መታዘዟን እንጂ መፍቀዷን አያሳይም። እናቲቱም ልጇ ምን እንደምታስብ ሳታውቅ ትቀራለች።

መፍትሔውን ለማግኘት ወጉን ማፍረስ ላያስፈልግ ይችላል። ወጉ ራሱ የማሰቢያ ጊዜ አበጅቷል፤ በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ያሉት ቀናት ናቸው። በእነዚያ ቀናት አጎት ይጠየቃል፣ አክስት ትጠየቃለች፣ የነፍስ አባት ይማከራሉ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «ልጅቱስ ምን አለች?» ብለው እንዳይጠይቁ የሚከለክላቸው የለም። በብዙ ቤት ግን ልጅቱ ወደ ሳሎን የምትጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።