የነጣው ኮራል



ከስምንት ወር በፊት ታጁራ ሄጄ ነበር። ከጅቡቲ ከተማ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግራችሁ የምታገኟት ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። ድሮ ወደ ሸዋ የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ይነሱባት ነበር። ቤቶቿ ነጫጭ ናቸው፤ የሰባት መስጂዶች ከተማ ይሏታል።

ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ኮራሉ ወዳለበት ወሰደኝ። ውሃ ውስጥ ገብቼ እግሬን ላሳርፍ ስል በአማርኛ ጮኸብኝ፦ «ኡስታዝ፣ አይርገጡት! ድንጋይ አይደለም፤ ነፍስ አለው።»

አፈርኩ። «መርጃን» የሚለውን ቃል በሱረቱ አር-ረሕማን ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ!

ኮራልን የሚገነቡት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ብዙው ዓይነት በዓመት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ሱብሓነላህ! ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን እሱን ተጠግተው ይኖራሉ። ውስጡ የሚኖሩ አልጌዎች ቀለሙንም፣ አብዛኛውን ምግቡንም ይሰጡታል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን እነዚያኑ መጋቢዎቹን ያስወጣቸዋል። ያኔ ይነጣል፤ ይራባል።

ነጭ የሆነ ቦታ አይቼ «ይሄ ሞቷል?» አልኩት።

«ገና ነው። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘለት ቀለሙ ይመለሳል» አለኝ።

ያ መልስ እኔን ነካኝ። ከመድረሳ ስወጣ አሥር ጁዝ በቃሌ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ስልክ መጣ። ሕይወት ሲሞቅብኝ መጀመሪያ ያስወጣሁት የሚመግበኝን ቁርኣን ነው። በየረመዷኑ «ዘንድሮ ሁሉንም እከልሳለሁ» እላለሁ፤ ከዒድ በኋላ ሙስሐፉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሰው ኡስታዝ ይለኛል፤ ውስጤ ግን ነጥቶ ነበር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ከታጁራ ስመለስ ከሱብሕ በኋላ ግማሽ ገጽ መከለስ ጀመርኩ። የሚያመልጠኝ ቀን አለ። ቢሆንም ዛሬ አምስተኛው ጁዝ ላይ ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ «እኔማ አብቅቶልኛል» አትበሉ። የነጣ ሁሉ አልሞተም። ግን ሙቀቱ ከቆየ ኮራሉም ይሞታልና አታዘግዩ። ትናንት የተዋችሁትን አንድ ነገር ዛሬ ከመግሪብ በፊት በትንሹ ጀምሩት።

ያ አላህ፣ ልባችንን በቁርኣን ሕያው አድርግልን። ኣሚን።

ሱረቱል ካህፍንና ሰለዋትን አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!