ልዑል ባይሆንስ?

የጀብዱ መጽሐፍ ጣዕሙ አይጠፋችሁም። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን «አንድ ምዕራፍ ብቻ» እያላችሁ ሌሊቱን ያጋመሳችሁ ትኖራላችሁ። መጽሐፉ ተከታታይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ሲያልቅ ልብ ቀጣዩን ይላል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ «ራማቶሓራ» ሲከተለው፣ ብዙ ወጣት ከጓደኛው እየተዋሰ ያነበበው በዚህ ጉጉት ነው።

ይህን ደስታ ኃጢአት አልለውም። «ልብ ወለድ ውሸት ስለሆነ ለአማኝ አይገባም» የሚል ቢኖር 2ኛ ሳሙኤል 12ን ይመልከት። ነቢዩ ናታን ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በጉ ለንጉሥ ዳዊት የነገረው ታሪክ ምሳሌ ነበር፤ እውነትን ግን ተሸክሟል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ዳዊት በታሪኩ ባለጠጋ ላይ የተቆጣው ከልቡ ነው፤ ለድኻውም ያዘነው ከልቡ ነው። ባለጠጋው እርሱ ራሱ መሆኑን ግን ናታን እስኪነግረው ድረስ አላየም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በታሪክ ውስጥ ለተናቀ ሰው ማልቀስ፣ የተናቀን ሰው መውደድ ነውን?

ሲ. ኤስ. ሉዊስ ከ1950 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው ሰባት የናርኒያ መጻሕፍት አምስተኛው «ፈረሱና ልጁ» ነው። ሻስታ በድኻ ዓሣ አጥማጅ ጎጆ ያደገ ልጅ ነው። አሳዳጊው በባርነት ሊሸጠው ሲደራደር ሰምቶ በሚናገር ፈረስ ያመልጣል። በመንገድ ላይ አራቪስ የምትባል የመኳንንት ልጅ ያገኛል፤ እርሷም ያለ ፈቃዷ ለሽማግሌ ልትዳር ስትል የሸሸች ናት። ሻስታን ግን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። እኛ አንባቢዎቹ እንናደድባታለን። በመጨረሻ ሻስታ የጠፋው የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለናል፤ የናቁት ሁሉ መሳሳታቸው ተረጋገጠልን።

ቆም ብላችሁ አስቡ። ልዑል ባይሆንስ? የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆኖ ቢቀር ኖሮ፣ ንቀቱ ትክክል ይሆን ነበርን?

ሉዊስ ራሱ ይህን ያሰበበት ይመስላል። አራቪስ ስትሸሽ የእንጀራ እናቷን አገልጋይ በመድኃኒት አስተኝታት ነበር፤ አገልጋይዋም በዚህ ምክንያት ተገረፈች። አራቪስ አላዘነችላትም። እኛም በማምለጧ ስለተደሰትን ገጹን ገልጠን አልፈናል። ያቺ አገልጋይ በመጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳ የላትም፤ ልዕልት ሆናም አትገኝም። አንበሳው አስላን ግን አልረሳትም። የአገልጋይዋን ሕመም እንድታውቀው የአራቪስን ጀርባ በጥፍሩ ቧጠጠው።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ዋጫና ወደ ቦንጋ እንምጣ። በካፋ ማንጆ ወገኖቻችን አሉ። እስከ 1897 እ.ኤ.አ. በቆየው የካፋ መንግሥት ዘመን የአገሩን በሮች ይጠብቁ ከነበሩት መካከል እነርሱ ነበሩ። ኑሯቸው በአደን፣ በማር፣ በማገዶና በከሰል ላይ የቆመ ነበር። «የሚበሉት ርኩስ ነው» በሚል ሰበብ ጎረቤት ከቤቱ ሳያስገባቸው፣ በአንድ ገበታ ሳይበላ፣ በአንድ ሲኒ ሳይጠጣ ብዙ ትውልድ አልፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በሐዋርያት ሥራ 10 ደግሞ ጴጥሮስ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ተምሯል። ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይሞትም። ከአንባቢዎቼ መካከል ማንጆ የሆናችሁ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

«ልማዱን እኔ አላመጣሁትም፤ ቤተሰቤስ ምን ይለኛል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዋጋ ያስከፍላል። ለሻስታ ማዘን ግን ምንም አላስከፈለንም፤ ከጣፈጠንም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዚያ ላይ ልዑል መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል። ጎረቤታችንን በተመለከተ እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለም። ሰው መሆኑ ብቻ ሊበቃን ይገባል።

በማቴዎስ 25 በንጉሡ ቀኝ የቆሙትን አስተውሉ። የተራበውን ባበሉ ጊዜ ያበሉት ንጉሡን እንደነበር ሲነገራቸው ተደነቁ። አላወቁም ነበር። የተራበ ሰው ስላዩ አበሉ እንጂ፣ ነገ ማን ሆኖ እንደሚገለጥ አስበው አይደለም።

ስለዚህ ተከታታዩን በደስታ አንብቡ፤ ተዋሱ፣ አውሱ፣ በኅብረታችሁም ተወያዩበት። ከዚያም ከፕሮግራም በኋላ ሻይ ሲቀዳ ማን ብቻውን እንደሚቀመጥ፣ የማንን ቤት ደጃፍ ረግጣችሁ እንደማታውቁ ልብ በሉ። ስሙን ካላወቃችሁት ጠይቁት። ሲጠራችሁም ከቤቱ ገብታችሁ የቀረበላችሁን አብራችሁ ብሉ።