የምርምር ኮሚቴ አገልግሎትና የክርስቲያን ኅሊና

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 መጀመሪያ ላይ በስብከታችን እምብዛም የማንጠቅሰው አንድ ሥርዓት ተጽፎ እናገኛለን። በሜዳ የወደቀ ሬሳ ቢገኝና ገዳዩ ባይታወቅ፣ ሽማግሌዎችና ዳኞች ወደ ስፍራው ወጥተው ሬሳው ከወደቀበት አንሥቶ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት እንዲለኩ ታዝዟል። የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎችም ስለ ፈሰሰው ደም በእግዚአብሔር ፊት ቀርበው መልስ ይሰጣሉ። እነዚህ ሰዎች ገዳዮች አይደሉም፤ ገዳዩን የሚያሳድዱ ወታደሮችም አይደሉም። ሥራቸው መለካት ነው። ሟቹ ዘመዳቸው ይሁን አይሁን አይጠየቅም፤ ደሙ በአቅራቢያቸው ስለ ፈሰሰ ብቻ ከቤታቸው ተነሥተው ይወጣሉ። በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ ቁጥር 8 ላይ ደግሞ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣራው ወድቆ እንዳይሞትበት ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅለት ሕጉ ያዝዛል። አንዱ ትእዛዝ ከጉዳት በኋላ፣ ሌላው ከጉዳት በፊት የሚፈጸም ነው፤ ሁለቱም ግን በእጃችን ያላፈሰስነው ደም ሊጠየቅብን እንደሚችል ያስተምሩናል።

የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የመኪና አደጋን፣ የእሳት ቃጠሎን፣ በቤትና በመንገድ የሚፈጸም ድብደባን ለመከላከል የሚደረጉ ጥናቶችን በሚያማክሩና በሚመረምሩ ኮሚቴዎች ውስጥ ያለ ደመወዝ እንዲያገለግሉ የሚጠሩ ምእመናን አሉ። ከእነርሱም ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመጣልናል። አንደኛው፣ ይህ በእርግጥ የፍቅር ሥራ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በሥራው መካከል ኅሊና ሲጨነቅ ምን ይደረግ? የሚል ነው። የፊተኛው መልስ አጭር ነው፤ የኋለኛው ግን ቀላል አይደለም።

ፍቅር ማለት የደጉ ሳምራዊ ሥራ ነው፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስልን ማሰር እንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ማገላበጥ አይደለም የሚሉ አሉ። አባባሉ የዋህ ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ሳምራዊው የደረሰው ሰውየው ከተደበደበ በኋላ ነበር። መከታ የሚሠራ ሰው ግን ያልወደቀውን ሰው ፊት ከቶ አያይም፤ ማንም አያመሰግነውም፤ ምስጋና የሚፈልግ ሰው እዚህ ሥራ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ዛሬ በመኪናዎች ሁሉ የምናየውን ባለ ሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶ ሠራ። ቀበቶው ስንት ሰው እንዳዳነ በግምት ይነገራል እንጂ የዳኑትን በስም ጠርቶ ሊያመሰግንበት የሚችል የለም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር የራሱንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው ከባድ በደል እንደሚሆንበት ይናገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ በጻፉት መልእክት፣ መደጋገፍ ሲባል ላይ ላዩን ማዘን ሳይሆን ለሁሉ የጋራ ጥቅም ጸንቶ መቆም መሆኑን አስተምረዋል። ጸንቶ መቆም ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም ስብሰባ ማለት ነው።

ኮሚቴው ራሱ ምን ይሠራል? አጥኚው ወደ ሰዎች ቤት ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚጠይቅ፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚቀበል፣ የሰማውን የት እንደሚያኖር በጽሑፍ ያቀርባል፤ ኮሚቴው ያነብባል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም ይከለክላል። በዚህ ወንበር ላይ ሳይንስ ያልተማረ ሰው እንዲቀመጥ መፈለጉ ለጌጥ አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ከአምስት ያላነሱ አባላት እንዲኖሩት፣ ከእነርሱም ቢያንስ አንዱ ሙያው ከሳይንስ ውጭ እንዲሆን፣ ቢያንስ አንዱም ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው እንዲሆን ይጠይቃል። አጥኚው ቁጥሩን ያውቃል፤ ዳር ያለችው ጎጆ አንድ ክፍል ብቻ እንዳላት፣ ባል በየትኛው ቀን ገበያ እንደሚወጣ፣ አማት ከጓዳ ሆና እንደምትሰማ የሚያውቀው ግን የዕድሩ ዳኛ ወይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ፤ ነገሩን በአየር ላይ እንዳንናገር አንድ እውነተኛ ጥናት ወስደን እንመልከት። በቡታጅራ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገጠር ጤና ምርምር ሲያካሂድ ቆይቷል። በዚያው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም የጤና ድርጅት በአሥር አገሮች ያደረገው፣ በሴቶች ላይ በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት የተካሄደ ጥናት የኢትዮጵያ ክፍል ተሠራ። ጠያቂዎቹ ሁሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከመሰማራታቸውም በፊት ሳምንታት የፈጀ ሥልጠና ወሰዱ። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጥያቄው ለብቻ ሆኖ ነው፤ ሰው ድንገት ቢገባ ጠያቂዋ ወዲያው ወሬውን ወደ ሌላ የጤና ነገር እንድትለውጥ ተምራለች። ለጎረቤትና ለቤተ ሰብ የተነገረውም ጥናቱ ስለ ሴቶች ጤናና ኑሮ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ለተጠያቂዋ ግን አስጨናቂው ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ይነገራታል፤ ልትተወውም ትችላለች።

በዚህ ስፍራ ነው የክርስቲያን ኅሊና ቆም የሚለው። ይህ ውሸት አይደለምን? ባል መጥቶ የኮሚቴው አባል የሆነውን የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ አብረው የሚቈርቡትን ወንድሙን፣ ሚስቴን ምን ብለው ነው የጠየቋት? ቢለው፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ነው ብሎ ይለፈው?

ለእኛ መጀመሪያ የታየን ነገር ጥርጣሬ ነበር፤ ይህንም አንደብቅም። ከስምንተኛው ትእዛዝ ጋር የሚጋጭ መስሎን ነበር። ነገሩን ደጋግመን ስንመዝነው ግን ሁለት ነገሮችን መለየት እንደሚገባ አገኘን። ሐሰት መናገር ማለት ሌላው ሰው ሊያውቀው የሚገባውን እውነት ነጥቆ በስሕተት እንዲኖር ማድረግ ነው። በቁጥር 2489 ትምህርተ ክርስቶስ እውነትን ሊያውቅ መብት ለሌለው ሰው የመግለጥ ግዴታ ማንም እንደሌለበት፣ የሌላውም ደኅንነት ዝም ለማለት በቂ ምክንያት እንደሚሆን ያስተምራል። ሚስት ስለ ደረሰባት መከራ ለአንዲት እንግዳ ሴት የነገረችው ቃል የማን ነው? የባል አይደለም። የራስዋ ነው። የጤናና የኑሮ ጥናት መባሉም ሐሰት አይደለም፤ ስብራትና ቁስል፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የጤና ነገር ካልሆነ ሌላ ምን የጤና ነገር አለ? እውነቱ አልተቀየረም፤ ሙሉ ሆኖ አልተነገረም እንጂ።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ድንበር አለው። ለተጠያቂዋ ለራስዋ ቢደበቅ ኖሮ በደል ይሆን ነበር፤ ኮሚቴው ሊጠብቀው የሚገባው በር ይህ ነው። ደግሞም ባልየው አጥብቆ፣ ስለ ዱላ ተጠይቃለች ወይስ አልተጠየቀችም? ብሎ በግልጽ ቢጠይቅ፣ አልተጠየቀችም ማለት አይገባም፤ በሌሎች ቤት የተባለውን ልነግርህ አልችልም፣ በአንተም ቤት የተባለውን ለሌላ አልነግርም ማለት ግን ይቻላል። ከኮሚቴ ወንበር ሆኖ ይህን መልስ ለወንድሙ የሚሰጥ ሰው የሚከፍለው ዋጋ አለ። ፊት ይነሣዋል። ከዕድር ወንበርም ላይ ይኮረፋል። በነጻ ማገልገል ማለት ደመወዝ አለመቀበል ብቻ እንዳልሆነ በዚህ እንረዳለን።

ሌላው ጭንቀት ከባህላችን የሚመጣ ነው። እኛ ጠብ ስንሰማ መሸምገል እንወዳለን፤ ሽማግሌ ሆኖ ባልና ሚስትን ማስታረቅ እንደ ጽድቅ ይቈጠራል፤ ጽድቅም ነው። የኮሚቴ አባል ግን በጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት የአንዲት ሴት ጉዳት ሲያይ ሄዶ ላስታርቅ ቢል ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ መታየቱ ብቻ ሚስቲቱ ምስጢር ማውጣቷን ለባል ይነግረዋልና። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መመሪያ የተጠያቂዎችና የጠያቂዎች ደኅንነት ከሁሉ እንዲቀድም ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በእርግጥ ይህ ዝምታ የምሥጢረ ንስሓ ማኅተም አይደለም። ያ ማኅተም ለማንም፣ በምንም ምክንያት አይፈታም። የሙያ ምስጢር ግን፣ ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2491 እንደሚለው፣ መጠበቁ እጅግ ከባድ ጉዳት የሚያስከትልበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። የሕፃን ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑ ቢታወቅ ምን እንደሚደረግ፣ እርዳታ የምትሻ ሴት ወዴት እንደምትመራ፣ ማን እንደሚቀበላት ኮሚቴው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ቈርጦ መወሰን አለበት። ጥያቄውን ጠይቆ ቁስሉን ከፍቶ መድኃኒት ሳያሳዩ መሄድ ግፍ ነው። የምንቀበልበት ቤት ከሌለን አትጠይቁ ብሎ ለመከልከልም የኮሚቴ አባል ልብ ሊኖረው ይገባል፤ ፊርማውን የጠየቁት ሰዎች የቱንም ያህል የተማሩ ቢሆኑ።

ስለ አበል አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ እውነተኞች አንሆንም። የመጓጓዣና የምሳ ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለም፤ ድኻ ሆኖ ከሩቅ በእግሩ ለሚመጣ ሰው ይገባዋል። ነገር ግን አበሉ በሚበዛበት ስብሰባ ሁሉ ተገኝቶ አበል በሌለበት ቀን የሚታመም አባል እንዳለ እናውቃለን። አጥኚው የሚከፍለው ሰው አጥኚውን እምቢ ለማለት ይከብደዋል። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶች፣ ጥናት ማለት የእኛን ኀዘን ሸጦ ዲግሪ መግዛት ነው ብለው ያማርራሉ። ሐሜት ብቻ ነው ብለን አንንቀውም። ውጤቱ ተመልሶ ለተጠየቀው ሕዝብ ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ አለና፤ ኮሚቴው ፊርማውን ሲሰጥ፣ ተመልሳችሁ መቼ ትነግሩናላችሁ? ብሎ መጠየቅ አለበት።

የቡታጅራው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም ሁሉ አየው። በሕይወታቸው ትዳር ወይም የትዳር ያህል ግንኙነት ካላቸው ሴቶች መካከል 71 ከመቶ የሚሆኑት ከወንድ ጓደኛቸው ወይም ከባላቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ወይም ሁለቱም እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ጥናቱ በተደረገባቸው ስፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር፤ ዝቅተኛው በጃፓን አንድ ከተማ የተገኘው 15 ከመቶ ነው። የአገር ስም ጠፋ ብለው የተቈጡ ሰዎች ነበሩ፤ ቁጣቸው ይገባናል፤ ግን በማን ላይ ነው? በለካው ወይስ በመታው? የኦሪቱ ሽማግሌዎች ርቀቱን ለክተው ከተማችን የቅርቢቱ ናት ቢባሉ፣ ገመዱ ተሳስቷል ብለው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ኖሮ ሕጉ ምን ይጠቅም ነበር?

ቁጥር ከቶ የማይንቀሳቀስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ይሆናል የሚሉ ምክንያቶች አሉ ያሉ ሴቶች 85 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 63 ወርዷል፤ በዚያው ዓመት ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 ከመቶ ናቸው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ዱላን ተገቢ ማለታቸው ለእኛ ለአስተማሪዎች የሚያስፈራ ነገር ነው። ለሙሽሮች ስለ መታዘዝ ስናስተምር ምን ብለን እንደ ነበረ፣ እነርሱስ ምን ሰምተው እንደ ሄዱ ማንም ለክቶት አያውቅም። ከመካከላችን በአንዲት ቁምስና የጋብቻ ዝግጅት የሚያስተምሩ አንድ መምህር ከሁለት ዓመት የኮሚቴ አገልግሎት በኋላ የድሮ ማስታወሻቸውን አውጥተው አንብበው፣ ሁለት ገጽ ቀድደው ጣሉ፤ በምትኩ ምን እንደሚጽፉ ግን ገና እየጠየቁን ነው።