በቤት ነውር የሆነው በመሥሪያ ቤት ስለ ምን ነውር አልሆነም?

የባሌ ገበሬ ከዐውድማው ገለባውን ለከብት፥ ከበረቱ ኩበቱን ለማገዶ ያውላል፤ በሮቤና በጎባ ቤቶችም የዘይት ጄሪካን ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ መቅጃ ይሆናል እንጂ አይጣልም። ይኸው ቍጥብ ሰው ግን ቢሮ በገባ ጊዜ አንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበትን ወረቀት ጨምድዶ ይወረውራል። ጠባዩ በደጃፍ ተለወጠን? አይደለም፤ በቤቱ እናቱና ጎረቤቱ ያዩታል፥ በቢሮ ግን የመንግሥት የተባለው ንብረት ባለቤት እንደሌለው ተቈጥሯል። ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቍጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ከጸሓፊው አጠገብ የሚቀመጠው ዐዋጁ ሳይሆን ባልንጀራው ነው። ለቆራሌው ጠርሙስ የምትሸጥን ሴት ማንም አያማትም፤ በወረቀት ጀርባ የሚጽፈው ሠራተኛ ግን «ቋጣሪ» ተብሎ ይሣቅበታል፤ እኔስ ከብክነቱ ይልቅ ይህን ሣቅ እከስሳለሁ። አለቃው ራሱ ረቂቁን በወረቀት ጀርባ ቢጽፍ ማን ይሥቅ ነበር?