የሰው ወርቅ አያደምቅ

ልጄ፣ ማስታወቂያ የምትሠራላቸው ደንበኞችህ «ሕዝቡ የሚያውቀው ዘፈን ይግባበት» እያሉ ወጥረው እንደያዙህ ነግረኸኛል። ሠላሳ ሰከንድ አጭር ናት፤ የታወቀ ዜማ ግን የስንት ዓመት ትዝታ ይዞ ስለሚመጣ ልብ ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። ያን ትዝታ ያፈራው ግን ዘፋኙ እንጂ የሚተዋወቀው ሳሙና አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ብልህ ከሰው ይማራልና የአሜሪካኖቹን ስማ። ዘፋኟ ቤቲ ሚድለር ለፎርድ መኪና ማስታወቂያ እንድትዘፍን ተጠይቃ እምቢ አለች። ሠሪዎቹ የዘፈኑን ፈቃድ ከባለመብቱ አግኝተው ስለነበር፣ የቀድሞ አጃቢዋን ጠርተው ልክ እንደ እሷ አስዘፈኗት። ብዙ ሰው ሚድለር መሰለችው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ማስታወቂያ ሠሪው ድርጅት 400,000 ዶላር ተፈረደበት።

የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የጆን ፎገርቲ «ፎርቹኔት ሰን»፣ የባለጸጋ ልጅ ቤቱ ሲቀር የድሃው ልጅ ለጦርነት መላኩን የሚያማርር ዘፈን ነው። የራንግለር ጂንስ ማስታወቂያ ስለ ባንዲራ የሚያወራውን መግቢያ ወስዶ ምሬቱን ቆርጦ ጣለ፤ ቁጣው የአገር ፍቅር መስሎ ሱሪ ሸጠ። መብቱ በሌላ እጅ ስለነበር ፎገርቲ በሕግ ሊያስቆመው አልቻለም፤ ኩባንያው ያቆመው እሱ በአደባባይ ከተቃወመ በኋላ ነው። ወረቀቱ የተሟላ ነበር፤ ነውሩም እንዲሁ።

በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲጣመም የመቃወም መብትም ይሰጠዋል። ስለዚህ ገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ ድምፃዊውን፣ ካለፉም ወራሾቻቸውን አስቀድመህ ጠይቅ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባል የለ?

ፈቃዱ ከተገኘም ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አድምጠው። ስለ ስደት በተዘፈነ እንጉርጉሮ ላይ የሐዋላ ቤት ስም ብትለጥፍበት፣ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው እህትህ ስትሰማው ምን ይሰማታል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይልቅ አዲስ ዜማ አሠራ። የሚያሠራው ያጣ ወጣት ደራሲ በከተማው ሞልቷል፤ ዜማውም ከምርቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ደንበኛህ «ጊዜ የለንም» ካለህ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ በለው።