የምጽዋት ሒሳብ

ገንዘቡን ለበጎ ሥራ የሰጠ ሰው ፍሬውን ለማወቅ ቢጠይቅ ነውር አይደለም፤ መዝገቡን ገልጦ ማሳየትም የተቀባዩ ግዴታ ነው። የሚያስቸግረው ፍሬው በምን ይለካ የሚለው ነገር ነው።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙትን የፊስቱላ ሆስፒታል እንመልከት። ለጋሶቹ በብዙ አገር ይገኛሉ፤ በሽተኛይቱ ግን የምትከፍለው የለም። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገጠር ምጥ ጠንቶባት ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት በባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ትታከማለች። በሆስፒታሉ የታከሙት ሴቶች ከ60 ሺህ ይበልጣሉ፤ ለጋሱም ይህን ሰምቶ ደስ ይለዋል።

ይሁን እንጂ በ2000 ዓ.ም. የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ የገጠር ልጃገረዶችም ተምረው ወደየአውራጃቸው ጤና ጣቢያ ይመለሳሉ። አዋላጂቱ በጊዜ ደርሳ ያተረፈቻት እናት ስሟ በቀዶ ሕክምናው መዝገብ አይጻፍም። እንግዲህ ሥራው በሠመረ መጠን የበሽተኛው ቁጥር ያንሳል፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ለጋስም «ሆስፒታሉ ደከመ» ብሎ እጁን ይሰበስባል።

ስለዚህ ሒሳብ መጠየቃችንን አንተው፤ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው መዝገብ ጋር የአዋላጂቱንም መዝገብ እንመርምር። ስንት እናቶችን አዋለደች? ምጥ የጠናባቸውን ስንቱን በጊዜ ወደ ሐኪም ላከች? ቁስልን ማዳን ታላቅ ምጽዋት ነው፤ ቁስሉ እንዳይደርስ ማድረግ ግን አመስጋኙ ቢያንስም ከዚያ ይበልጣል።