ስንኙ የማን ነው?

ለመሆኑ ዘፈን ከየት ይመጣል? ብዙዎቻችን «ከውስጥ» እንላለን፤ ገጣሚው ብቻውን ሲብሰለሰል ብልጭ ይልለታል። የጎንደር አዝማሪ ቤት ግን ሌላ ያሳያል። የቡርባክስ ልጅ ባለ አንድ አውታር ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሲዞር፣ ከጠጪዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ታዲያ ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ ስድብ ሆኖ እዚያው የተቀመጠ ሰው ቢቆስል ተጠያቂው ማነው? «ሰጪው ነው፤ አዝማሪ አፍ ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ለእኔ አይዋጥልኝም። ያ ስንኝ በደረቁ ቢነገር እኮ ተስቆበት ያልፍ ነበር፤ አጥንት ድረስ የዘለቀው በማሲንቆው ነው። እርግጥ አዝማሪው እንጀራው ሽልማት ነው፤ ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለትን ሰው እንዴት እምቢ ይበል? ጎበዙ ግን እምቢም አይል። ሲቀበል አንዲት ቃል ለወጥ ያደርግና ስድቡን ወደ ሰጪው ይመልሰዋል። ቤቱ ያውካካል፤ ሰጪውም እየሳቀ ደግሞ ይሸልመዋል።